ለማርቆስ የተላከ ብርድ

ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሐመድአሚን፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በሙሉ ጤና ያግኝህ። እኛ ፆሙን በሰላም ፈትተን፣ ዒዱንም ውለን፣ አላህ ይመስገን አለን። አማችህ አብዱልቃኒ ሰላም ይልሃል፤ ሱቁም ደህና ነው። እማዬ ሰላም ትልሃለች፣ መቼ ትመጣለህ ትልሃለች። ይህን ሁለተኛውን መጻፍ ትቼው ነበር። ዛሬ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን እያየች ስለሆነ ጻፍሁት።

ወረቀት ያስነሣኝ የመኪናዋ ነገር ነው። ከላክሃት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። አብዱልቃኒ ለደምበጫና ለቁይ ገበያ ጨርቅ ያመላልስባታል፤ ሞተሯ አንድ ቀን አስቸግሮት አያውቅም። ያ አንተ ሙከይፍ ብለህ የጻፍህልን ብርድ የሚያወጣው ዕቃ ግን ተነክቶም አያውቅ። ማርቆስ ላይ ማን ብርድ ይፈልጋል? ሰው ሲሰማ ይስቅብናል፤ ለጎጃም ጤፍ፣ ለማርቆስ ብርድ ላኩ እያለ። እማዬማ መኪናዋ የመጣች ሰሞን የብርዱን አፎች ሁሉ በጨርቅ ወትፋቸዋለች፣ ንፋስ ይመታኛል ብላ።

አሁን ግን አስፈለገን። የሆስፒታሉ ዶክተር እማዬን መርምሮ ልቧ ሰፍቷል አለ። ክረምት ሳይገባ አዲስ አበባ ሄዳ በመሣሪያ ትታይ አለ። አይሮፕላን ከለከላት፤ ከፍታው ልቧን ያስጨንቀዋል ብሎ። የቀረው በመኪና ዓባይን መሻገር ነው። አምና በአውቶቡስ ስንሻገር ሙቀቱ ድልድዩ ላይ ጥሏት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ሞተች ሲል አውርደናት ነበር። ያን ጊዜ አልጻፍሁልህም። ዶክተሩ ይህን ሲሰማ፣ ሁለተኛ እንዲያ ከሆነች አትነሣም አለን። በሌሊት እንዳንሻገር ሽፍታ አለ እያሉ ከመሸ ደጀን ላይ መኪና አያሳልፉም። ጠዋትም ኬላው እስኪከፈት፣ የጭነት መኪናው ሁሉ ተራ እስኪለቅ ድልድዩ ጋ የምንደርሰው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው።

ስለዚህ ጨርቁን አውጥተን የብርዱን ማንሻ ገፋነው። የሚወጣው ንፋስ ብቻ ነው፤ ያውም ደጅ ካለው የማይለይ። አንተ እዚያ ለዐረቡ ሁሉ ብርድ ትሠራለህ ይላሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው እንዳይሆን፣ ምን ምን እንደምናይ ቀለል አድርገህ ጻፍልን። አንባቢዎቹ እኔና አብዱልቃኒ ነን። ካቃተን ባለ ወፍጮውን ፍሥሐን እንጠራለን።

ወረቀቱ አለቀ እንጂ ሰላምታው አላለቀም።

እህትህ ቀድሪያ


ጅዳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለቀድሪያ፣ ደብረ ማርቆስ።

ወዐለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። ሰላምታዬ ከባሕሩ ማዶ ተነሥቶ ደጃፋችሁ ይድረስ። ጋሼ አብዱልቃኒን እጅ እነሣለሁ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሥራ ይበዛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም።

ስለ እማዬ የጻፍሽውን አነበብሁ። ወደ ሥራው ልግባ።

ኮፈኑን ክፈቱ። ከሞተሩ ጎን የሁለት ጡጫ ያህል ጥቁር ብረት ታያላችሁ፤ ኮምፕሬሰር ይባላል፣ በቺንጋ ይዞራል። ሞተሩን አስነሡና ጋሼ ከውስጥ ማንሻውን እስከ መጨረሻው ይግፉት፤ አንቺ ከውጭ ኮምፕሬሰሩን ተመልከቺ። ፊቱ ላይ ያለው ክብ ብረት «ቀጭ» ብሎ ከቺንጋው ጋር አብሮ መዞር አለበት። ቀጭ ካለ ያዘ ማለት ነው፣ ብርዱ ይመጣል። ካላለ ቺንጋውን በአውራ ጣትሽ ተጫኝው፤ ከጣት ወርድ በላይ ከረገበ ይጥበቅ። እሱም ደህና ከሆነ ፊውዙን እዩ። ከመሪው ሥር ከተደረደሩት አንዱ ነው፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ከተበጠሰ በሌላ ለውጡት።

ይህን ሁሉ በጠዋት፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ በብርዱ አድርጉት። የጋለ ሞተር እጅ ያቃጥላል።

ስለ መምጣቴ፣ ከሐጅ በፊት አይሆንም። ጋራዡ በሑጃጅ መኪና ይጥለቀለቃል። ፓስፖርቴም እንደምታውቂው ከአሠሪዬ እጅ ነው። ከሐጅ በኋላ እናየዋለን።

ከቺንጋው ጋር ስትታገሉ ነጠላሽን አውልቂ፤ ይጠመጠምብሻል።

ወንድምሽ ሙሐመድአሚን


ደብረ ማርቆስ፣ ጥር 14 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሐመድአሚን።

አሰላሙ ዐለይኩም። ለአረፋ አራት ቀን ቀርቶናል፤ ለሁላችን በሰላም ያድርሰን። አንተም ከሑጃጁ መኪና ሥር ወጥተህ የበዓሉን ሥጋ ለመቅመስ ያብቃህ።

እንዳልኸው በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣን። ውርጭ ሣሩን አንጥቶታል። አብዱልቃኒ በጋቢው ላይ ካፖርት ደርቦ መሪው ጋ ተቀመጠ፣ እኔ ነጠላዬን አውልቄ ኮፈኑ ሥር ገባሁ። ማንሻውን ገፋ። ቀጭ የሚል የለም። አሥር ጊዜ ገፋ፣ አሥር ጊዜ ጆሮዬን አቁሜ አዳመጥሁ። ቺንጋው ጥብቅ ነው። ፊውዙን ከጥሩምባው ፊውዝ ጋር አቀያየርነው። ጥሩምባው ጮኸና ሰፈሩን ቀሰቀሰው፤ ብርዱ አልመጣም። ያገኘነው ብርድ ቢኖር የተፈጥሮውን ነው፤ እኔ እስካሁን ያስለኛል።

በማግስቱም በሠልስቱም ሞከርን። አብዱልቃኒ አንድ ቀን ቀትር ላይ ልሞክር ቢል እኔ ከለከልሁት፤ በጠዋት ተብሎ ተጽፏል ብዬ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የእማዬ እግር አብጧል። መጋደም ትታለች፤ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምትተኛው። ተጋድማ ስትሞክር ትታፈናለች። እኔም አጠገቧ ነኝ። አላለቅስም። ድሮ የጎረቤት ሰው ሲታመም እንኳ አለቅስ እንደ ነበር ታውቃለህ። አሁን ኪኒኗን እሰጣለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ምን እንደ ነካኝ እንጃ።

ትናንት «ሙሐመድአሚን ስንት ዓመት ሆነው?» አለችኝ። ሠላሳ አራት አልኋት። «ሲሄድ ሃያ ሦስት ነበር» አለች።

የሚቀጥለውን ሥራ ጻፍልን።

ቀድሪያ፣ ከነሳልዋ


ጅዳ፣ የካቲት 21 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለቀድሪያ።

ሰላሙን ሁሉ ለቤቱ ሰው ሁሉ አካፍይልኝ። በመዘግየቴ አትቆጪ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጋራዡ አልወጣሁም፤ የሑጃጅ አውቶቡስ ሲሄድ ሌላ ይመጣል፣ እሱ ሲሄድ ሌላ። አረፋን የዋልሁት ቁልፍ በእጄ ይዤ ነው። ለእማዬ የዘምዘም ውሃ በጣሳ አሽጌ ለደሴ ሑጃጆች ሰጥቻለሁ፤ ከአዲስ አበባ ያስተላልፉላችኋል።

ቺንጋውም ፊውዙም ደህና ከሆነ እንዲህ አድርጉ። ከኮምፕሬሰሩ የምትወጣ አንዲት ሽቦ አለች። ከመጋጠሚያዋ አላቅቋትና ከባትሪው በሌላ ሽቦ በቀጥታ አገናኟት። ያን ጊዜ ወዶም ሳይወድም መያዝ አለበት። ከያዘ በኋላ ከራዲያተሩ አጠገብ እንደ ጠርሙስ የቆመውን ብረት እዩ። አናቱ ላይ የአንድ ሳንቲም ያህል መስተዋት አለው። ብርዱ የሚሠራበት ጋዝ በመስተዋቱ ውስጥ ሲሮጥ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ማለት አለበት። አረፋ ካያችሁ ጻፉልኝ።

ከሐጅ በኋላ ያልሁት ነገር ገና ነው። ሰውዬው ፓስፖርቱን አልሰጠኝም።

የእግሯን እብጠት ዶክተሩ ምን አለው? ወይም ተዪው፣ መጀመሪያ የአረፋውን ነገር ንገሪኝ።

ሙሐመድአሚን


ደብረ ማርቆስ፣ መጋቢት 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለሙሐመድአሚን።

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናህን አላህ ይጠብቅ። ዘምዘሙ ደርሷል። እማዬ በፍንጃል እየለካች ትጠጣዋለች፤ ለጎረቤትም አዳርሳለች።

አረፋ አየን። የበዓሉን አይደለም፣ እሱስ አለፈ፤ የመስተዋቱን ነው። ጊዜው ያው ጠዋት፣ ቦታው ያው ግቢያችን። ፍሥሐን ጠርተነው ነበር። ሽቦውን ከባትሪው ሲያገናኝ «ቀጭ» አለ። ሦስታችንም እንደ ሕፃን ተሳሳቅን። ከዚያ መስተዋቱን አየነው። ጠላ ሲቀዳ እንደሚያረፋ ያረፋል።

ፍሥሐ ወዲያው ገባው፤ የገባው መስሎኝ ነው። «እትዬ ቀድሪያ፣ ይኼማ ግልጥ ነው፤ አየር ገብቶበታል። የኔም ወፍጮ ናፍጣው ላይ አረፋ ከታየ፣ አየሩን ካላስወጣሁለት አይነሣም» አለኝ። እኔ «ወንድሜ ጻፉልኝ ነው ያለው» አልሁት። «እስኪጻፍና እስኪመለስ እኮ ክረምት ይገባል። ለዚች ለዚች ጅዳ ድረስ አይጠየቅም፤ የቧንቧውን ዳዶ ላላ አድርጎ አረፋው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው» አለ። አሥራ አምስት ዓመት ወፍጮ ያስነሣ ሰው ነው። እውነት መሰለኝ።

ዳዶውን ፈታው። ሰው የመጨረሻ ትንፋሹን ሲለቅ እንደሚሰማው እስስስ ብሎ ነጭ ጢስ ወጣ። ቧንቧው በአንዴ አመዳይ ለበሰ። ፍሥሐ እጁን ሊያነሣ ሲል ጣቶቹ ብረቱ ላይ ተጣበቁ። ስናላቅቀው ሦስቱ ጣቶቹ እንደ ሻማ ነጥተዋል። እማዬ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ድምፁን ሰምታ «የማን ነፍስ ወጣ?» አለች።

አረፋውስ አለቀ። አሁን ኮምፕሬሰሩ በሽቦ ሲይዝም ብርድ የለም። ፍሥሐ ጣቶቼን በመርፌ ብትወጉም አይሰማኝ ይላል። ሰው እያየ ሲያስቅበት ይውላል፤ ቤቱ ሲገባ ግን እንዲህ እንደማይስቅ ሚስቱ ነግራኛለች።

አትክፈቱ ብለህ አልጻፍህም። ልወቅስህ አይደለም። እንዳልጻፍህ ልንገርህ ብዬ ነው።

ዶክተሩ ስለ እብጠቱ የሚለው ያው ነው። ቶሎ ሂዱ ነው።

ቀድሪያ


ጅዳ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለቀድሪያ።

ሰላምታዬን አስቀድማለሁ፤ ይቅርታዬንም ከእሱ አብልጬ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጋዙ ወጥቷል፣ ያ ግልጥ ነው። ግን መጀመሪያውኑ ለምን አልያዘም የሚለው አልገባኝ አለ። ያቆየኋቸውን ደብዳቤዎችሽን አውጥቼ ደግሞ ከጥር ጀምሬ አነበብሁ። አንድ ቃል ላይ ስደርስ ቆምሁ። «ውርጭ» ብለሻል። ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እዚህ የሚጠራበት ምክንያት የለም። ምን እንደ ነበር ለማስታወስ ጥቂት ቆየሁ።

እታለም፣ መኪናዋ ምንም አልነበረባትም።

በዚያ ዕቃ ውስጥ የመኪናዋን የውስጥ ብርድ የሚለካ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ። በረደ፣ ይበቃል ብሎ ኮምፕሬሰሩን እንዳይዝ የሚከለክለው እሱ ነው። ውርጭ በወረደበት ጠዋት ሺህ ጊዜ ማንሻ ብትገፉ አይዝም፤ በዝቶ ተርፎ በርዶ ሳለ ምን ብሎ ይይዛል? በብርድ አስገድደው ሲያዞሩትም መስተዋቱ ላይ አረፋ ይታያል፤ ጋዙ ሙሉ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። ጋሼ አብዱልቃኒ ቀትር ላይ ልሞክር ያሉት ትክክል ነበር። የእኔ ጥፋት ነው። እዚህ ጠዋት የሚባለው የምድጃ አፍ ነው። በብርዱ አድርጉት ብዬ በእጄ ስጽፍ፣ ማርቆስ ብርድ መሆኑን ረስቼዋለሁ። የተወለድሁበትን።

አትክፈቱ ያላልሁትም እዚህ ማንም ስለማይከፍት ነው። ለፍሥሐ እጁን እሳት ዳር እንዳያስጠጋ ንገሪው፤ ለብ ባለ ውሃ ይንከረው። ይመለስ ይሆናል። የእኔ ቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች በ1957 እንዲሁ ሆነው አልተመለሱም። የሻይ ብርጭቆ ስይዝ ትኩስ ይሁን ቀዝቃዛ የማውቀው በግራ እጄ ነው። ይህን አልጻፍሁላችሁም ነበር።

አሁን ያለው መንገድ አንድ ነው። ጋሼ መኪናዋን ብቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ይውሰዱ፤ ፍሪጅ የሚሠሩ ሰዎች ጋዙን ይሞላሉ። ሲመለሱ ማርቆስ ላይ አይሞክሩት። ዓባይ ድልድዩ ላይ ይሞክሩት።

ሙሐመድአሚን


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 16 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሙሐመድአሚን።

አሰላሙ ዐለይኩም። የምጽፍልህ ከአዲስ አበባ ነው። እማዬ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ዓባይን በሕይወት ተሻግራለች። ይህን ሳታውቅ ሌላውን እንዳታነብ ብዬ አስቀደምሁት።

አብዱልቃኒ እንዳልኸው መኪናዋን ወስዶ ጋዙን አስሞላ። ሲመለስ ድልድዩ ጋ ማንሻውን ቢገፋ «ቀጭ» አለና ጥርሱን እስኪያንቀጫቅጨው አበረደው። ግንቦት 9 እማዬን ከኋላ ወንበር በትራስ ደግፈን ተነሣን። ከደጀን ቁልቁል ስንጀምር መስኮቱን ሁሉ ዘጋን። አንተ የጻፍኸውን እያሰብሁ ነበር፤ እንደ ዱዓ በቃሌ ይዤዋለሁ። ከድልድዩ በላይ ካለው ጠመዝማዛ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ገባ። አብዱልቃኒ ገፋው። ቀጭ አለ። ብርዱ መጣ።

እማዬ ዓይኗን ገለጠች። «ይኼ ከየት የሚመጣ ንፋስ ነው?» አለች። እኔም «ሙሐመድአሚን የላከልሽ ነው» አልኋት። እጇን ዘርግታ ከኋላ ወንበሩ አጠገብ ወዳለው የብርዱ አፍ አስጠጋችው። እንዲያ አድርጋ ቆየች። ጥሩ ሆነላት ብዬ አብዱልቃኒን በመስተዋቱ አየሁት። ከዚያ እጇን መለሰችና «ዝጉት» አለች።

«እማዬ፣ ዶክተሩ እኮ…» አልሁ።

«ብርድማ ማርቆስ ሞልቶኛል። እኔ ብርድ ላክልኝ አላልሁት» አለች። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ የብርዱን አፍ ወተፈችው። ስድስት ወር ስንታገልለት የኖርነውን።

አብዱልቃኒ ማንሻውን መለሰው። መስኮት ከፍተን፣ ፎጣ በውሃ እየነከርሁ በአናቷ ላይ እያደረግሁ ተሻገርን። ድልድዩ ላይ እጄን ይዛ ነበር፤ ራሷን አልሳተችም። ጎሃ ጽዮን ስንደርስ ውሃ ጠየቀች። ለምን እንዳልሳተች አላውቅም፤ ምናልባት ተናድዳ ይሆናል።

እዚህ ያለው ዶክተር ልቧ ደክሟል፣ ሳምንትም ወርም ሊሆን ይችላል፣ እኛ ማወቅ አንችልም አለኝ። ስሰማው ምንም አልሆንሁም። ወጥቼ አውቶቡስ ጠበቅሁ።

አንተ ላይ ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ቁጣውን ፈለግሁት፣ አጣሁት። ስለዚህ ሳልቆጣ ነው የምጽፍልህ። ና።

እህትህ ቀድሪያ


ጅዳ፣ ሰኔ 6 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ።

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ዛሬ ስለ መኪና የምጽፈው የለኝም፤ ስለዚህ እንዴት እንደምጀምር ቸግሮኛል።

ፓስፖርቴ ከአሠሪዬ ዘንድ አይደለም። ሣጥኔ ውስጥ ነው። ሁለት ዓመት ሆነው። ሰውዬው ሂድ ብሎ ሰጥቶኛል፣ ጥሩ ሰው ነው፤ በከንቱ አሳማሁት።

የማልመጣው ፈርቼ ነው። አባዬ የሞተ ጊዜ፣ የአገራችን ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ክፍሌ መጥተው መርዶውን ነገሩኝ። ፊቴን ታጠብሁ። ሰገድሁ። ሥራ ሄድሁና ሁለት መኪና ሠርቼ ወጣሁ። ጠንካራ ነው አሉኝ። እታለም፣ ጥንካሬ አልነበረም። ምንም አልተሰማኝም። ይመጣል፣ ነገ ያመኛል እያልሁ ጠበቅሁ። አምስት ዓመት ጠበቅሁ፣ አልመጣም። ከጣቶቼ የጀመረው ወደ ውስጥ የገባ ይመስለኛል።

አንቺ እማዬ ታመመች ስትዪኝ ቺንጋውን እዩ አልሁሽ። እግሯ አበጠ ስትዪኝ ሽቦውን አገናኙ አልሁሽ። መኪናዋ የምትሠራበት መንገድ ስለሚገባኝ ነው፤ ሌላው አልገባኝም። እንግዲህ መጥቼ ፊቷ ብቀመጥና ያኔም ምንም ባይሰማኝስ? ታውቅብኛለች። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው እንጨት ሆኖ ሲመጣ ከምታየው፣ እንደ ጠበቀችኝ ብትቀር አይሻልም?

ቁጣውን አጣሁት ስላልሽ ነው ይህን የነገርሁሽ። አንቺም እንደ እኔ ሆነሽ ይሆን ብዬ።

ሙሐመድአሚን


አዲስ አበባ፣ ሰኔ 25 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሐመድአሚን።

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ፖስታው በአሥር ሰዓት ይዘጋል።

ምን እንደሚሰማህ የጠየቀህ የለም። እናት በላህ ወይ እንጂ ምን ተሰማህ አትልም። እኔም ሲሰማኝ ሲሰማኝ አይደለም ያስታመምኋት፤ ኪኒኑ ሰዓት ስላለው ነው። አልተሰማኝም ብዬ አንድ ቀን ኪኒን አላስቀረሁባትም።

ሱቁ ተዘግቶ ስለ ከረመ ነገ ወደ ማርቆስ እመለሳለሁ። የአብዱልቃኒ እህት ሸምሲያ መርካቶ ስላለች ምግብ ታመላልስላታለች። እማዬ ሁለተኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው አልጋ ላይ ናት። ጠያቂ የሚገባው ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ምንም ነገር አታምጣ። ዘምዘምም ቢሆን፣ አላት።

እንጨትም ሆነህ ና። እሷ ልጇን ነው የጠራች።

ቀድሪያ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1964 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለሜ ለቀድሪያ፣ ደብረ ማርቆስ።

እንደምን ሰነበትሽ። ጋሼ አብዱልቃኒን እጅ እነሣለሁ። ፍሥሐን እጁን ጠይቂልኝ።

ትናንት ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ከሆስፒታሉ በር ቆምሁ። ዝናብ ነበር፣ ካፖርት አልነበረኝም፤ የለኝም። ሁለተኛ ፎቅ ወጣሁ። ሦስተኛውን አልጋ አልፌ አራተኛው ጋ ሄድሁ፤ አላወቅኋትም። «ወዴት ታልፈኛለህ?» ያለችኝ እሷ ናት።

ተቀመጥሁ። እንዳልሽው በላህ ወይ አለችኝ። በልቻለሁ አልሁ። ዋሽተሃል አለችና ከትራሷ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አውጥታ ሰጠችኝ። በላሁ። የፈራሁት ሆነ እታለም፤ ደረቴን ባዳምጠው ምንም አልነበረም። እሷ እኔን ታያለች፣ እኔ የምበላውን ዳቦ አያለሁ። ስለ መኪናዋ ልነግራት ፈልጌ ተውሁት። ይቅር በይኝ ማለቱንም እንዲሁ።

ከዚያ ቀኝ እጄን ያዘችው። «በርዷል» አለች። ዝናቡ ነው አልኋት። «ዝናብ አይደለም። ይኼ የቆየ ብርድ ነው» አለች። ጣቶቼን አንድ በአንድ ጫን ጫን እያደረገች አየቻቸው። ሦስቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጄን ከጋቢዋ ሥር አስገብታ ብብቷ ውስጥ አደረገችውና ክንዷን አጥፋ ዓይኗን ጨፈነች።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ነርሷ መጥታ ጠያቂ ይውጣ አለች። ሌላው ሰው ሁሉ ወጣ።

ሙቀቱ ጣቶቼ ላይ አልተሰማኝም። ግን እጄን አላወጣሁም።

ወንድምሽ ሙሐመድአሚን